«ንዳ» ያልኩት እኔ ነኝ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ባሌ ሳልነግረው ሞተ። ለልጆቼ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ሳላውቅ የቀመስኩትን የቅቤ ጠብታ ሳይቀር ስዘረዝርላቸው የኖርኩ ሴት፣ ይህን አልነገርኳቸውም። የቅቤ ጠብታ እየተፋሁ ሰው ዋጥኩ። አሁን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን የጀመረ ካለ ከወዲሁ ይተወው።

እታለም እባላለሁ። መርሳ ተወልጄ መርሳ ያረጀሁ ነኝ። ከአጥሬ ማዶ እትዬ ዘምዘም ይኖራሉ። ብርቱካንና ፓፓያ ነጋዴ ናቸው፤ በገበያ ቀን ሸራቸውን ዘርግተው ይሸጣሉ። የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ባሌ ሰው ፍለጋ ወጥቶ ዘገየብኝ። አጥሩን ጥሰው የገቡት እትዬ ዘምዘም ናቸው። ከኋላዬ ተቀምጠው ወገቤን ደግፈው፣ «በርቺ እታለም፣ አላህ አለ፣ በርቺ» እያሉ አዋለዱኝ። ሕመሙ ሲጠናብኝ ክንዳቸውን ነክሼ አድምቻቸዋለሁ። አንድ ቀን አላነሱብኝም። ደም ነካኝም አላሉም።

ያኔ ድክ ድክ ትል የነበረችው ልጃቸው መዲና በሁለታችን ቤት መካከል አደገች። በእኛ ጾም እኔ ቤት ሽሮ ትበላለች፤ በረመዳን ልጆቼ እነሱ ቤት ሾርባ ይጠጣሉ። አድጋ እዚሁ አቅራቢያ ግራና በምትባል ከተማ ላለ የገበሬ ልጅ ተዳረች። የመጀመሪያዋን ስታረግዝ እንደ አገሩ ልማድ እናቷ ዘንድ ልትወልድ መጣች። ይህን ሁሉ የማወራው ለምንድን ነው? ማን እንደነበረች አውቅ እንደነበር እንድታውቁብኝ ነው።

ዘመኑ ጦርነቱ ከአካባቢያችን ራቅ ካለ በኋላ የመጣው የገና ጾም ነበር። ልጄ ዘምቶ በሕይወት ተመልሶልኝ፣ ገናን ላሊበላ ሄጄ ልቆርብ ተስዬ ነበር። የማኅበራችን ሰዎች አውቶብስ ኮንትራት ይዘው አስተባባሪ አደረጉኝ። አቤት የዚያን ሰሞን ኩራቴ! ነጭ በነጭ ለብሼ፣ አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ እኔ ወሳኝ፣ መቼ እንደምንነሣ እኔ ተናጋሪ። ጾሙን ስጾም ነቢያት «ውረድ፣ ተወለድ» እያሉ የለመኑትን እኔም እለምን ነበር። ውረድ እል ነበር። ማን ላይ እንዲወርድ? የት እንዲወርድ? ለእኔ በሚመቸኝ ቦታ፣ በሚመቸኝ ሰዓት፣ ልብሴን በማያቆሽሽ መልክ ነበር የፈለግኩት።

የምንሄድበት ዋዜማ እትዬ ዘምዘም በሳህን ቆሎ ይዘው መጡ።

«ለመንገድሽ ነው። ጾምሽን እንዳይፈታብሽ ዘይት እንኳን አልነካሁትም» አሉኝ። «ለእኛም ዱዓ አድርጊልን። መዲናዬ ወሯ ገብቷል።»

«ስሟን ጠርቼ አስጸልይላታለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት መዝሙር እየዘመርን ከመርሳ ወጣን። ወደ ወልድያ ስናጋምስ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። አሻግሬ ሳይ አንዲት ባጃጅ ዳር ይዛ ቆማለች፤ ባለባጃጁ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ይነካካል። መንገዱ መካከል ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። እትዬ ዘምዘም ነበሩ።

ፈገግ ብለው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። መንገድ መካከል የቆሙት እንደ ለማኝ አልነበረም። የራሳቸው ሰው መኪና እንደመጣለት ሰው ነበር። ኋላ እንደሰማሁት፣ አውቶብሱን ከሩቅ ሲያዩት ለባለባጃጁ «ተውው በቃ፣ የእታለም መኪና ነው፣ ደረሱልን» ብለውታል።

ረዳቱ በሩን ከፈተ። «እታለም አለች?» የሚለው ድምፃቸው ገባ። «መዲናን ሌሊት ምጥ ያዛት። የመርሳ ጤና ጣቢያዎቹ ወልድያ ሆስፒታል አድርሷት አሉን፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ባጃጇም እንደምታዩዋት ነች። እታለምዬ!»

እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ። እጄ ተነሣ። ልወርድ የተነሣሁ መሰላችሁ? መጋረጃውን ሳብኩት። እኔ ነኝ የሳብኩት። ከመጋረጃው ማዶ ባጃጇ ውስጥ መዲና ጮኸች። ድክ ድክ ስትል የማውቃት ልጅ ድምፅ ነው፤ እንዴት እስተዋለሁ?

አውቶብሱ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ «እዚህ ከወለደች እኮ ደም ነው! ደም ነክቶን ቤተ መቅደስ ልንገባ ነው? ቅዳሴው፣ ቁርባኑ ሁሉ ቀረ በሉ!» አለ። አንዷ፣ «ኧረ ነፍስ ናት» አለች፤ ግን ቀስ ብላ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። ሌላው መንገዱ እንደሚጨናነቅ፣ ብንዘገይ ቦታ እንደማናገኝ አወራ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

ያቺን ቅጽበት ደጋግሜ አገላብጫታለሁ። ብዙ ሰው ነበር፣ ተደናገጥኩ፣ ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ማለት እችል ነበር። ውሸት ነው። አስቤበታለሁ። ስለቴን አሰብኩ። ቁርባኔን አሰብኩ። ነጭ ቀሚሴን አሰብኩ፤ አዎ፣ ቀሚሴን! በዓሉን ደጅ ቆሜ ሳሳልፍ፣ «አስተባባሪዋ ናት ያበላሸችብን» ሲሉኝ ታየኝ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። ሰው ለማንሣት ግን ጊዜ አልነበረኝም።

«ንዳ» አልኩት።

አልሰማኝም። አለመስማቱ ለእኔ ሌላ ዕድል ነበር፤ እግዜር ሁለቴ ጠየቀኝ ማለት ነው። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ንዳ እኮ ነው የምልህ!» አልኩት።

ያን ጊዜ እትዬ ዘምዘም ሰሙኝ። ድምፄን አወቁት። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊታቸው ላይ ቦታ አጥቶ ቆየ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ከመንገዱ ወደ ዳር ወጡ። አልረገሙም። አልጮኹም። መንገድ ለቀቁልን።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ከኋላ ወንበር አንዲት መነኩሴ ተነሡ። እማሆይ ጸዳለ ይባላሉ፤ ደብራችን አጠገብ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ላሊበላን ሳያዩ መሞትን የሚፈሩ፣ ለዚያ ጉዞ ከዓመት በላይ ሲዘጋጁ የኖሩ።

«አቁመው ልጄ፣ እኔ እወርዳለሁ» አሉ።

እኔ ተቆጣሁ። እኔ! «እማሆይ፣ ዕድሜ ልክዎን ሲመኙት የኖሩት ላሊበላ ነው እኮ! ይቀመጡ!»

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ውሃ የያዘ ሰው አለ?» አሉ። አንዱ የሃይላንድ ውሃውን ሰጣቸው። በትራቸውን ተደግፈው ወረዱ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ትንሽ እንደሄድን አንዱ መዝሙር አነሣ። እኔም ተቀበልኩ። እኔም አጨበጨብኩ!

ላሊበላ ደረስን። በበዓሉ ጠዋት ካህናቱ በዐለቱ ዙሪያ ሆነው ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ በደስታ ሲያለቅስ፣ እኔም አለቀስኩ። እንባዬ እንኳን ዋሸ። የመዲናን ስም ጠርቼ ላስጸልይ ቃል ገብቼ ነበር፤ ስሟ ከአፌ አልወጣም። ቆረብኩ። ሥጋውንና ደሙን ተቀበልኩ። የሰው ደም ፈርቼ የሸሸሁ ሴት የእሱን ደም ተቀበልኩ። የሰማይ እሳት ወርዶ አልበላኝም። ደህና ሆኜ፣ ጸበል በጀሪካን ይዤ፣ መስቀል ገዝቼ ተመለስኩ። አንዳንዴ የሚያናድደኝ እሱም ዝም ማለቱ ነው።

ስመለስ እትዬ ዘምዘም ቤት ሴቶች ተሰብስበው ነበር። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ዘግይቶ መጥቶ አንሥቷቸው ኖሯል። እማሆይ ጸዳለ ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጠው መዲናን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ወልድያ ደረሱ። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሞቶ ተወለደ። መዲናን ለማትረፍ ሐኪሞቹ ማኅፀኗን አወጡት።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ምን ዓይነት እግር ነው የወሰደኝ? ገብቼ «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ «ቆይ ግን ጥሏችሁ የሄደው አውቶብስ የማን ነው? አልታወቀም?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ዘምዘም፣ «በድንጋጤ አላስተዋልኩትም» አሉ።

ቤቱ ሁሉ ያን አውቶብስ ይረግም ጀመር። እኔስ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ዝም ብል እንኳን አንድ ነገር ነበር። ዝም ካልኩ እንዳይነቃብኝ ፈራሁ። «አረመኔዎች!» አልኩ። «እንዴት ሰው ወላድ ጥሎ ያልፋል? ልብ የላቸውም?» ይህን በአፌ ተናገርኩ፤ እትዬ ዘምዘም ፊት ተናገርኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ቆይተው ዓይናቸውን መለሱና፣ «ለእታለም ውሃ ስጧት፣ ከመንገድ ገና መግባቷ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ። የመዲና ባል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘመዶቹ ግን ልጅ ልጅ አሉት፤ ሌላ አገባ። እሷ ወደ እናቷ ተመለሰችና ልብስ መስፋት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኝ ነበር። «እትዬ እታለም፣ እንዴት አደሩ?» ትለኝ ነበር። አታውቅም ነበር። ያን ጠዋት ከሕመሟ በስተቀር ያየችውም የሰማችውም ነገር አልነበረም፤ እናቷም አልነገሯትም። እማሆይ ጸዳለም ለሰው አልተናገሩም፤ አብረውኝ የተጓዙት የገዛ እፍረታቸውን ደበቁ፤ ባለባጃጁንም እትዬ ዘምዘም አፉን አስዘግተውት ኖሯል። አንድ ቀን ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠርተው፣ «ተናዘዝሽ ወይ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። አዩኝ፤ «እሺ» አሉ። ላሊበላን ሳያዩ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ጮክ ብለው ካለቀሱት አንዷ እኔ ነበርኩ።

እትዬ ዘምዘምን ጠላኋቸው። አዎ፣ ጠላኋቸው! በዓል በመጣ ቁጥር ፓፓያ በአጥር ሲያሳልፉልኝ እጃቸውን ልነክሰው እመኝ ነበር። ለምን አይጮኹብኝም? ለምን አያዋርዱኝም? በቀበሌ ስብሰባ «የወሎ ሰው ፍቅሩ፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ነው» ሲባል ተነሥቼ፣ «እኔና እትዬ ዘምዘም ምስክር ነን» ብያለሁ። ተጨበጨበልኝ። ይህ አፌ ምን ያልዋሸው አለ?

ዘንድሮ በጾሙ የመጨረሻ እሑድ፣ ኖላዊ በሚባለው፣ ሰባኪው ቆሞ ሲያስተምር፣ «ጌታ በማንጠብቀው መልክ ይመጣል። የእኛ ኃጢአት እሱ መሆኑን አለማወቃችን ነው» አለ። ሰዉ በኀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ተናደድኩ። ሐሰት ነው! አለማወቅ ኃጢአት ከሆነማ ቀላል ነው፤ ሰው ላላወቀው ነገር ቢለምን ምሕረት ያገኛል። እኔ ግን አውቄ ነበር። ያቺን ነጠላ አውቄያታለሁ፤ ያን ድምፅ አውቄዋለሁ። በፍርድ ቀን ጌታን «መቼ አየንህ?» ብለው የሚጠይቁት እንኳን ከእኔ ይሻላሉ፤ እኔ ያን መጠየቅ አልችልም። ደግሞስ መዲናን ለማንሣት እግዜር በእሷ ውስጥ መኖሩን ማወቅ ነበረብኝ? መዲና ራሷ አትበቃም ነበር? እሷ ምሳሌ አይደለችም። የስብከት ማጣፈጫ አይደለችም። ሽሮዬን የበላች ልጅ ናት።

ቅዳሴው ሲያበቃ ንስሐ አባቴን ከዛፉ ሥር አገኘኋቸው። የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ ጠየቅኳቸው፦ «አባቴ፣ ለበዓል ሲሄድ ወላድ ያነሣና ደም የነካው ሰው ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ይታጠባል፤ ቤተ መቅደስ ባይገባ ደጅ ቆሞ ይጸልያል። ደጅ መቆም ሞት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ደጅ መቆም። በቃ፣ ይኸው ነበር። ለዚህ ነበር ልጁ የሞተው።

ወደ ቤቴ አልገባሁም፤ በቀጥታ እትዬ ዘምዘም ቤት ገባሁ። እሳቸው አልነበሩም። መዲና ብቻዋን ቀሚስ ትሰፋለች። ቁጭ ሳልል ነገርኳት። አውቶብሱ የእኔ እንደነበር፣ መጋረጃውን የሳብኩት እኔ እንደሆንኩ፣ «ንዳ» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁለቴ እንዳልኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል እግሯን ሰበሰበች።

ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣችው።

«ስጮህ ይሰማሽ ነበር?» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ልጅ፣ አንቺ አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ መሆኔን አውቀሻል?»

«አውቄያለሁ።»

«እናቴስ ታውቃለች? አንቺ መሆንሽን?»

የእናቷንም ምስጢር እንዳወጣሁባቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አፌን ብዘጋም መልሱን ከፊቴ አነበበችው። «ሂጂ በቃ» አለችኝ። «ውጪልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘምዘም በሬን ሳያንኳኩ ገቡ። ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቁጣ ፊታቸው ላይ ነበር፤ ስጠብቀው በነበረው ምክንያት ግን አልነበረም።

«መዲና ሄደች» አሉኝ። «ወልድያ አክስቷ ዘንድ ሄደች። 'እስከዛሬ ከሷ ጋር ሰላም ያስባልሽኝ አውቀሽ ነው?' ብላኝ ፊቷን አዙራ ሄደች። ደስ አለሽ?»

«እትዬ፣ እውነቱን ልናገር ብዬ...»

«ዝም በይ! እኔ ዝም ያልኩት ላንቺ ያዘንኩ መስሎሽ ነበር? ላንቺ? እኔ ዝም ያልኩት ለልጄ ነው። ወጥታ ስትገባ ፊትሽን ባየች ቁጥር እንዳትቃጠል ብዬ፣ ያንቺን እሳት ብቻዬን ይዤው ኖርኩ። ሰላም ስልሽ፣ ፓፓያ ስሰጥሽ፣ እሷ እንዳትጠረጥር ነው። ትናንት አንቺ ቀለል ሊልሽ ብለሽ እሷ ላይ አራገፍሽው። ያኔም ለራስሽ ነበር፤ ትናንትም ለራስሽ ነው። እታለም፣ አንቺ ከራስሽ ሌላ ሰው ታውቂያለሽ?»

ሳምጥ የነከስኩትን ክንዳቸውን አየሁት፤ በእርጅና ቀጥኗል። ወጥተው ሄዱ። በሩን እንኳን አልወረወሩትም።

ከአጥሩ ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ገና ደርሷል፤ ማኅበርተኞቹ ዘንድሮም ጉዞውን አስተባብሪ ብለውኝ እንቢ ብያለሁ፤ እንቢታዬን ትሕትና ነው ብለው አመሰገኑኝ። ነገ ንስሐ አባቴ ጋ እሄዳለሁ። ቀኖና ይሰጡኛል፤ ስግደቱን እሰግዳለሁ፤ ጾሙን እጾማለሁ፤ ሊፈቱኝም ይችሉ ይሆናል። የመዲና ይቅርታ ግን በእሳቸው እጅ የለም፤ ከእሷ ዘንድ ሄጄም አልለምናትም። ደግሜ ደጇ ላይ ቆሜ የራሴን ጣጣ አላሸክማትም።

እናንተንም ይቅር በሉኝ እንድላችሁ አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ እኔን ለማጽናናት «ሳታውቂ ነው» እንዳትሉ። ሰምቻታለሁ። መዲና መሆኗን አውቄያለሁ። አውቄ ነው ንዳ ያልኩት።